ሻሼና የሚላሰው ጡብ

ባለፈው ሳምንት ለዶሮዎቼ ፉርሽካ ልገዛ ደሴ ውስጥ ሆጤ ሰፈር ወዳለ አንድ የመኖ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከጦሳ ተራራ በኩል ዝናብ ያዘለ ነፋስ ይመጣል። የሱቁ በረንዳ ላይ ጣራው በማይደርስበት በኩል ከብት የሚልሰው ጡብ ተደርድሯል፤ ቡናማ፣ የእንጀራ ማቅረቢያ ሳህን የሚያህል፣ ምንም ያልተሸፈነ።

"ይሄ ለከብት ነው እማማ፣ ለዶሮ አይሆንም" አለኝ ሻጩ በትሕትና።

"አውቃለሁ ልጄ። ዝናብ ቢመታውስ?"

"ጡብ አይደል እንዴ? ምን ይሆናል?"

ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩና ጡቦቹን ወደ ውስጥ ካላስገባህ አልሄድም አልኩት። አስገባ፤ ፊቱ ግን "ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?" ይል ነበር። አልፈረድኩበትም። ፉርሽካዬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ስወጣ ሐሳቤ ከቢስቲማ ማዶ ካለች አንዲት ግቢ፣ ከአንዲት ግንባረ ነጭ ላም ዘንድ ነበር። ለልጁ ቆሜ እንዳላወራው ነገሩ ረጅም ነው። እዚህ ልጻፈው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። የእንስሳት እርባታ ተምሬ ስጨርስ ከቢስቲማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ ቦት ጫማ ገዛሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተረከዜን ልጦት በነጠላ ጫማ ስዞር ከረምኩ።

ያረፍኩት እትዬ ዘሀራና ባለቤታቸው ጋሽ ይመር ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን በቆመች አንዲት ክፍል ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው ነበርና እትዬ ዘሀራ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ልጃቸው ያዙኝ። ጠዋት ወደ መስክ ልወጣ ስል በኮባ የተጠቀለለ ጭኮ እጄ ላይ ያደርጉልኛል። ቂቤውና የተቆላው ገብስ ሲሸት እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት እንኳ አልታገሥም፤ ከበሩ ሳልርቅ እበላው ነበር። ጋሽ ይመር ዝምተኛ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ስሜን ጠይቀውኝ "ሣራ" ስላቸው "የኢብራሂም ሚስት ስም" አሉና ሌላ ምንም ሳይጠይቁኝ ገብተው ተቀመጡ። እንደ መልካም አቀባበል ቆጠርኩት።

የበጋው አጋማሽ ነበር። መስኩ ላይ ሣር አልጠፋም፤ ሳሩ ግን ደርቆ ገለባ ሆኗል። ከብቱ ቀኑን ሙሉ ይግጣል፣ ሆዱ ሞልቶ ይመለሳል፣ አጥንቱ ግን ይቆጠራል። አላዋቂ ዓይን "ጠግቧል" ይላል። የበላው ነገር ኃይል የሌለው፣ ማዕድን የጎደለው መሆኑን ቆዳው ነው የሚናገረው። እኔም በተማርኩት ዓይን ማየት ስጀምር ነገሩ ሁሉ ፊት ለፊቴ ሆነ። ላሞቹ ግድግዳ ይልሳሉ። አፈር ይልሳሉ። አንድ ቀን የእትዬ ዘሀራ ግንባረ ነጭ ላም ሻሼ ከወንዝ ዳር ያገኘችውን የደረቀ አጥንት አፏ ውስጥ እያገላበጠች ስታኝክ አገኘኋት።

"ጅን ነክቷታል ይላሉ" አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

"ርቧት ነው እትዬ።"

"ሆዷ ሞልቶ?"

"ሆዷ ሞልቶ።"

ሻሼ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወለደችም። ነጥፋለች፤ ኮርማ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ረስታለች። እትዬ ዘሀራ ሲዳሩ ጊደር ሆና አብራቸው የመጣችው የሻሼ አያት ናት። በዚያ ቤት የተጠጣው ወተት ሁሉ፣ ልጆቹ ያደጉበት፣ ከዚያች አንዲት ዘር የወጣ ነው። የቀረችው ደግሞ ሻሼ ብቻ ነበረች። ጋሽ ይመር አንድ ማታ እራት ላይ መከነች፣ ይበልጥ ሳትከሳ ቢስቲማ ገበያ ትውጣ፣ ለሥጋ ትሆናለች ብለው ተናገሩ። እትዬ ዘሀራ ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እንግዳ መሆኔን ረስቼ ገባሁበት። "ጋሽ ይመር፣ ሦስት ወር ይስጡኝ። መድኃኒት አይደለም፣ ክትባት አይደለም። የሚላስ ጡብ ሠርቼ እሰጣታለሁ።"

"የምን ጡብ?"

ቆጠርኩላቸው። ሞላሰስ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጨው፣ ጥቂት ዩሪያ፣ ማያያዣው ሲሚንቶ።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ከዚያ "ዩሪያ ማዳበሪያው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ሲሚንቶ ለላም። ሆዷ ውስጥ ቤት ልትሠሪ ነው?"

እትዬ ዘሀራ በዚያ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጋሽ ይመርም መሳቃቸውን አይተው ይሆናል፣ "እሺ፣ ሦስት ወር" አሉ።

ጡቡን በትምህርት ቤት አንዴ ብቻ ነበር የሠራሁት፤ ያውም በቡድን፣ አስተማሪያችን አጠገባችን ቆሞ። አሁን ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አባቴ ሞላሰሱን ከስኳር ፋብሪካ በኩል ከሚመላለሱ ባልደረቦቹ አፈላልጎ አንድ ትልቅ ጀሪካን አመጣልኝ። ፉርሽካውን ከዱቄት ወፍጮ፣ ፋጉሎውን ከዘይት ጨማቂ አገኘሁ። ያን ቀን ከወፍጮው የሚወጣው የስንዴ ብናኝ፣ ከጨማቂው የሚወጣው የኑግ ሽታ፣ ሁሉም የበዓል ዋዜማ መስሎኝ ነበር። አባቴ ጆንያዎቹን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲያስር ዞር ብሎ አየኝና "ሙሽራ የምትሄጂ ትመስያለሽ" አለኝ።

ጀሪካኑን ግን ጣራ ላይ አላስጫንኩም፣ እንዳይፈስብኝ ብዬ በእግሮቼ መካከል ያዝኩት። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተን የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ ጀሪካኑ ማበጥ ጀመረ። ፊስስስ የሚል ድምፅ ያወጣል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ልብሳቸውን ሰብስበው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል?" አሉኝ። "አይፈነዳም" አልኩ እንጂ እኔም አላውቅም። ክዳኑን በትንሹ ላላ ሳደርገው ጥቁር ጣፋጭ አረፋ ቀሚሴ ላይ ተንዶለዶለ። ደሴ ስንደርስ ዝንብ ሁሉ እኔን ወደደኝ። ሐይቅ ከተማ መኪና ስቀይር የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ በተጣበቁ ጣቶቼ በላሁ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓሣ የለም።

ከቢስቲማ ዕቃውን በአህያ አስጭነን ቤት ስንገባ ጋሽ ይመር የጀሪካኑን አፍ አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። ሞላሰሱ በመንገድ ላይ ትንሽ ፈልቶ ኮምጠጥ ብሎ ነበር።

"ይሄ አረቄ ነው" አሉ።

"አይደለም ጋሽ ይመር። የሸንኮራ ዝቃጭ ነው። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ አረቄ ከአባቴ ደጅ ደርሶ አያውቅም።"

አተኩረው አዩኝ። "እናንተም አትጠጡም?"

"አንጠጣም።"

ጣታቸውን ነክረው ላሱት፣ ጥቂት አሰቡ፣ እንደገና ነከሩ። "ጣፋጭ ነው" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እስኪመሽ ድረስ ለቤት ልስን ጭቃ እንደሚረገጥ ሁሉ እሳቸውና እኔ ያንን ጥቁር ሊጥ ስናቦካ ቆየን። ዩሪያውን ሁለት ጊዜ መዘንኩ፣ አላመንኩም፣ ሦስተኛ መዘንኩ። ሲበዛ መርዝ መሆኑን አውቅ ነበርና። ከዚያ በእንጨት ሣጥን ቅርጽ እያወጣን ጥላ ውስጥ ደረደርናቸው። ስምንት ጡብ ወጣልን። ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ከፀሎቴ በፊት እየሄድኩ በጣቴ እጫናቸው ነበር፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካ።

ደርቆ ጠነከረ። የመጀመሪያውን ጡብ ለሻሼ የሰጠሁበትን ጠዋት ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ይዘላል። አስቀድመን ድርቆሽ አበላናት፣ በባዶ ሆድ አይሰጥማ። ከዚያ ጡቡን ከፊቷ አኖርኩ። አሸተተችው። አፍንጫዋን አነሳች፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ተመለሰች። ምላሷን አንዴ ሰደደች። ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ፊት መጡ። ከዚያ በኋላ ያንን ሻካራ ምላሷን ማን ያቆመዋል። እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። እኔ በቦታዬ እዘል ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ረስቼ።

በቀን ጥቂት ጥቂት ሰዓት እያስላስናት አለመድናት። በሳምንታት ውስጥ ፀጉሯ ተኛ፣ ዓይኗ በራ። አጥንት ማኘክ፣ ግድግዳ መላስ ተወች። ጎረቤት ሁሉ መምጣት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ጡቡ ከጣራ ሥር እንዲቀመጥ የተማርኩ ነኝ፤ ለእትዬ ዘሀራም ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ግን በረቱ ከቤቱ ጓሮ ነው፣ መንገደኛ አያየውም። እኔ ደግሞ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። ወደ ምንጩ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሻሼ ስትልስ አይቶ "ያቺ ልጅ የሠራችው" እንዲል። ስለዚህ ጡቡን ወደ ፊት ለፊቱ ደጅ አውጥቼ ከብት ከሚጠጣበት የእንጨት ገንዳ ውስጥ አኖርኩት። ማታ ማንሳት ነበረብኝ። አንድ ማታ ደክሞኝ ተውኩት።

ሌሊቱን ያልጠበቅነው የበልግ ዝናብ ወረደ። ጣራዬን ሲመታው ሰምቼ "እሰይ፣ ሣር ይበቅላል" ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእትዬ ዘሀራ ጥሪ ነው። ስወጣ ገንዳው ግማሹ ጥቁር ውኃ ነበር፤ ጡቡ ተልፈስፍሶ ከሥሩ ተኝቷል። ሻሼ ከበረት ወጥታ ጠጥታዋለች። ቆዳዋ ይርገበገባል። እግሮቿ እንደ ሰካራም ይጠላለፋሉ። ከአፏ አረፋ ይወርዳል፣ ግራ ጎኗ መነፋት ጀምሯል። ዩሪያው ከጡቡ ሲላስ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ በውኃ ሟሙቶ ሲጠጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው ሆድ ውስጥ የሚፈስሰው። አስተማሪያችን ይህን ሲነግረን የጻፍኩበት ገጽ ጭምር ዓይኔ ላይ መጣ። ከሥሩም አንድ መስመር፤ ኮምጣጤና ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቶሎ።

ኮምጣጤ በዚያ ቀበሌ ከየት ይመጣል? ቢስቲማ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ነው። ሻሼ ሦስት ሰዓት የላትም።

"እትዬ፣ የሚኮመጥጥ ነገር እፈልጋለሁ። የሚኮመጥጥ ማንኛውም ነገር።"

"አጓት?"

"አጓት፣ ሎሚ፣ ያለውን ሁሉ።"

እትዬ ዘሀራ ወደ አጥሩ ሄደው ለጎረቤት ተጣሩ። ጋሽ ይመር ከምንጩ በታች ወዳለው የሎሚ ዛፋቸው ሮጡ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሎሚውን በኩታቸው ሞልተው ተመለሱ። ሴቶች ከየቤቱ በቅልም፣ በማሰሮም አጓት ይዘው መጡ። የበጋ ጊዜ ነውና ብዙ የታለበበት ቤት አልነበረም፤ ግን ከየቤቱ ያለችው ጥቂት ጥቂት ተጠራቅማ ባልዲ ሞላች። ሌሎቹ ከምንጩ ውኃ ያመላልሳሉ።

ተቀምጠን ሎሚ ስንጨምቅ አላስቻለኝም። "ጋሽ ይመር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከጣራ ሥር መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር። ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ነው ደጅ ያወጣሁት።"

ቀና አላሉም። "እሱን በኋላ" አሉ። "አሁን ጭመቂ።"

ሁለት ጎረምሶች ቀንዷን ያዙ፣ እኔ በጠርሙስ ጋትኳት። "አንገቷን ብዙ ቀና አታድርጉት፣ ሳንባዋ ይገባል" እያልኩ። አጓት፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውኃ። እንደገና። እጄ ከክርኔ በላይ በአረፋዋ ተለውሷል፤ በጭመቃው የተላጠውን ጣቴን ሎሚው ያቃጥለዋል። አንዴ በጉልበቷ ወደቀችና እትዬ ዘሀራ ራሷን ታቅፈው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያሉ ጆሮዋን ያሹላት ነበር። እኔ በልቤ በእኔ መንገድ እጸልያለሁ። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ሻሼ አገሳች። ትልቅ፣ ረጅም፣ የሚሸት ግሳት ፊቴ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ የሚጣፍጥ ሽታ አሽትቼ አላውቅም። ጎኗ በጥቂቱ ጎደለ። ቆዳዋ ረጋ።

"ዳነች?" አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

"ካመሰኳች ነው የምናውቀው።"

እንግዲህ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሃያ የሚሆን ሰው የላም አፍ እያየ ዋለ። አንዳንዱ ቆሞ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። እትዬ ዘሀራ ያላቸውን ቆሎ ለሰው አከፋፈሉ። የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል ሻሼ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ፣ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ። ታመሰኳለች። "አልሀምዱሊላህ" የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ በዝግታ ዞረ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"አብሽሪ" አሉኝ አንዲት አጓት ያመጡ ሴትዮ፣ ጀርባዬን እየመቱ። "አብሽሪ፣ ደህና ናት።"

ያን ማታ ግን ደህና አልነበርኩም። ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ይመር "በኋላ" ያሉት ነገር ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ከዚህ ቀበሌ ውጪልኝ ነው የሚሉኝ። ሲሉኝም እውነታቸውን ነው። ኮምቦልቻ ገብቼ ለአባቴ ምን እንደምለው ስለማመድ ነጋ።

ጠዋት በመጥረቢያ ድምፅ ወጣሁ። ጋሽ ይመር ከበረቱ አጠገብ አራት ቋሚ ተክለው የጣራ ማገር እያሰሩ ነበር። ጎናቸው የክዳን ሣር ተከምሯል። እንዴት አደሩ አልኳቸው፣ እንዴት አደርሽ አሉኝ፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።

"ምን እየሠሩ ነው?" አልኩ በመጨረሻ።

"ለጡብሽ ቤት።" ልጡን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው አጠበቁ። "ትናንት ሥራውን ትተሽ ስምሽን ስታሳምሪ ነበር። ዛሬ ሥራውን ሥሪ። ያንን ሣር አቀብዪኝ።"

አቀበልኳቸው። "በኋላ" ያሉት ይኸው ብቻ ነበር። ሻንጣዬን የፈታሁት የመጨረሻውን ሣር ካሰርን በኋላ ነው።

ሻሼን ጥቂት አሳርፈን፣ በድርቆሽና በንጹሕ ውኃ አበርትተን፣ ከአዲሱ ጣራ ሥር እንደገና ከጥቂቱ ጀመርናት። ሦስት ወሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ንጋት ግቢው በጩኸቷ ተናወጠ፤ ስትንጎራደድ፣ አጥር ስትገፋ። ደንግጬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ ዘሀራ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ዓይናቸው ይስቃል።

"አልታመመችም" አሉኝ። "ኮርማ ፈልጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ።"

ጋሽ ይመር ወዲያው ገመድ አንስተው ጎረቤት ወዳለው ኮርማ ይዘዋት ሄዱ። ስለ ገበያ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። በተከታዩ ዓመት መስኩ ደርቆ ከብቱ ሁሉ ሲነጥፍ ሻሼ ግንባረ ነጭ ሴት ጥጃ ወለደች። ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ ጥጃዋ አራት ጊዜ ወድቃ በአምስተኛው ቆማ ጡት ስታገኝ እትዬ ዘሀራና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን በረቱ ውስጥ እንደ ልጃገረድ ዞርን። እኔስ ልጃገረድ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን የልጅ ልጅ ያዩ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀበሌ ሠራሁ፤ ኩታበርም፣ ሌላም ቦታ። ወጣት ባለሙያዎች ሲመጡልኝ ስለ ሞላሰስ መጠን ከማስተማሬ በፊት ገንዳውን ለምን ደጅ እንዳወጣሁ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ፤ እነሱ ጥሩ ሠራተኛ ይወጣቸዋል።

ጋሽ ይመር ያረፉት ጥቂት ዓመት ሆኗል። ለተዝያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ስሄድ ግቢው በማላውቃቸው ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እትዬ ዘሀራ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ግን ወዲያው ለዩት። እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝና ለሴቶቹ "ይቺ ሣራ ናት፤ ላሜን ልትገድል ነበር፣ አዳነችልኝ" አሏቸው። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እኔ ዕንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

አሁንም ኢድ ሲሆን እሄዳለሁ፤ አዲስ ሰው ከተገኘ እንዲያው ብለው ያስተዋውቁኛል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። በዚህ ዕድሜዬ መመስገን አይከፋኝም፤ አንድ ቀን ረስተው የማዳኑን ብቻ ቢናገሩ ግን "እትዬ፣ መጀመሪያውን ትተውታል" የምላቸው ይመስለኛል።